«ሆዴ» ከተባልሽ ጫማሽን አድርጊ

ካልጋሪ፣ ፎረስት ላውን ውስጥ፣ 17ኛው አቬኑ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ወደ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ግቡና «ማሚ!» ብላችሁ ተጣሩ። እንጀራ የምትመርጠው ትዞራለች፣ በርበሬ የምታሸተው ትዞራለች፣ ባለሱቋ «አቤት» ትላለች፣ ከእግራቸው ሥር የምትርመጠመጠው ሕፃንም ቀና ትላለች። ልጅ እናቷን ማሚ፣ እናት ልጇን ማሚ፣ አባት ሁለቱንም ማሚ። ቤታቸው ስትሄዱ «ማሚ፣ ለማሚ ውሃ ስጫት» ሲባል ትሰማላችሁ። ውሃው ለማን እንደታዘዘ የሚታወቀው ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ነው።

ክሊኒክ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ነርሷ በር ላይ ቆማ የመዝገብ ስም ትጠራለች። ዝም። ምላሷ እንደምንም እየተገለበጠ ትደግማለች። ዝም። የልጁ እናት ጭራሽ «ወይ ጉድ፣ የማን ልጅ ነው ሲጠሩት የማይሰማ?» በሚል ዓይን ዙሪያዋን ትቃኛለች። ምን ታድርግ! አቡሽ፣ ማሙሽ፣ አባቴ፣ የኔ ጌታ እየተባለ ነው ያደገው። የመዝገብ ስሙ የሚወጣው ሲያጠፋ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁም ስሙን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ወንበር ሥር ይገባል።

የባልና ሚስት ቁልምጫ ግን ወቅት አለው። የከተማው ደንብ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃችሁ ያለውን የእግረኛ መንገድ ጥረጉ ይላል። እናም ሳመሩን ሙሉ «አንተ» ሲባል የከረመ ባል፣ በመስኮት ነጭ ነገር በታየ ማግስት «የኔ አንበሳ» ሆኖ ያድራል። አንበሳውም ሞኝ አይደለም፤ ገና ስሙን ሲሰማ ወገቡን ይይዛል። ከዚያ በተራው «ሆዴ፣ ማሬ፣ የኔ ንግሥት» እያለ ይጀምራል። ትንሽ ቆይታ ንግሥቲቱ አካፋ ይዛ ስትወጣ እናያታለን። እህቶቼ፣ ከቁርስ በፊት «ሆዴ» ከተባላችሁ ጥያቄ አታብዙ፤ ጫማችሁን አድርጉ።

ጎረቤቴ ባሏን ስትጠራ ሰምቼ የቤታቸውን አየር አውቃለሁ። «ፍቅሬ» ከሆነ ሰላም ነው። «ስማ» ሲመጣ ደመናው ይሰበሰባል። ሙሉ ስሙ ከነአባቱ ከተጠራ ግን እኔም መስኮቴን እዘጋለሁ። ደግነቱ አገሩ የችኑክ አገር ነው። ያ ሞቃት ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ ከተማዋን በሰዓታት ውስጥ ሃያ ዲግሪ እንደሚያሞቃት ሁሉ፣ ጠዋት ከነአያቱ ተጠርቶ የወጣው ሰውዬ ማታ «ሆድዬ» ሆኖ ይገባል። እኔስ ብትሉ፣ ባለቤቴ ስልኬ ላይ «ፍቅሬ» ነበር። ስንጣላ ቁጭ ብዬ እስከ አያቱ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ፤ ስንታረቅ መልሶ መቀየሩ ይሰለቸኛል። አሁን ሲደውል ኢሚግሬሽን የሚደውልልኝ ይመስላል።

ልጃቸውን ሊያርሱ ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት አሉ። ባላቸውን ዕድሜ ልካቸውን «እሳቸው» ሲሉ የኖሩ፣ ስማቸውን አንድ ቀን እንኳ በአፋቸው ያልጠሩ ናቸው። ታዲያ ሱፐርስቶር ውስጥ አንዱ የኛ ጎረምሳ ሚስቱን ከኋላ እየተከተለ «ቤቢ፣ ሀኒ፣ የኔ ፍቅር» ሲል ሰምተው ቀጥ አሉ። ልጅቱ በአንድ እጇ ሕፃን አቅፋለች፣ በሌላው የሞላ ጋሪ ትገፋለች። «እንዲህ ከወደዳት» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «ጋሪውን ለምን አይቀበላትም?» ጎረምሳው ባይሰማ ጥሩ ነበር፤ ሰማ።

ለነገሩ ንጉሠ ነገሥቱን «እምዬ ምኒልክ» ብለን ያቆላመጥን ሕዝብ ነን። ጀግንነታቸውን ስናነሣ ደግሞ በፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው»፤ ቴዎድሮስንም «አባ ታጠቅ»። ካልጋሪም የፈረስ አገር ናት። በ1912 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የካውቦዮች በዓል፣ ስታምፒድ፣ በደረሰ ቁጥር ወንዶቻችን የካውቦይ ባርኔጣ ደፍተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይወጣሉ። አንዱ እንዲሁ እንደለበሰ «እኔንስ በፈረስ ስም አትጠሪኝም?» አላት ሚስቱን። ከላይ እስከ ታች አየችውና «አባ ኮሮላ» አለችው። ስሙ ጸድቆለታል፤ ዕድር ላይ ሳይቀር ይጠራበታል።

ከሁሉም ግን ከአገር ቤት የሚመጣውን የሚያህል ቁልምጫ የለም። በሳመር ሰዓታችን ከአዲስ አበባ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ ረፋድ ላይ ፍቅር ሲነሣባቸው እኛ እዚህ በሌሊት እንነቃለን። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ደወለ። «የኔ እናት፣ የኔ ዓለም፣ ዓይኔ፣ ልሙትልሽ…» «ልሙትልሽ» ላይ ሲደርስ «ስንት ነው?» አልኩት።

ከፋው። «አንቺ ደግሞ! ሰው ለሰላምታ አይደውልም እንዴ?»

ትንሽ ዝም ተባባልን። ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይሰማኛል።

«ግን ሆዴ፣ አንዴ ካነሣሽው አይቀር…»