ገድለ «ዘ»

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከየትኛውም ቃል ይልቅ ደጋግማ የምትገኘው «ዘ» ናት፤ ከመቶ ቃል አምስት ስድስቱን ትይዛለች። ምን ማለት ነሽ ስትባል ግን መልስ የላትም። ሥራዋ ከስም ፊት ፊት እየሄደች «ያው የምታውቁት ነው» ማለት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ፣ «ቤቱ» እንደምንለው፣ ከቃል ጭራ የተንጠለጠለች አንዲት ድምፅ ትወጣዋለች፤ ለብቻዋ ወንበር አልጠየቀችም።

ትውልዷ ከደህና ቤተሰብ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ወንዱ «ሴ» (ልብ ይሏል፣ ወንዱ)፣ ሴቷ «ሴዮ»፣ ግዑዙ «ዛት» እየተባሉ፣ እንደየሙያቸው እየረቡ ይኖሩ ነበር። ኋላ ጾታውም ርባታውም ረገፈና «ዘ» ብቻዋን ቀረች። የፊደሏም ነገር አሳዛኝ ነው። «ቶርን» የሚባል የራሷ ፊደል ነበራት፤ ከ«ዋይ» ጋር እየተመሳሰለ ሄዶ አታሚዎች በ«ዋይ» ተኩት። ዛሬም እንግሊዝ አገር ጥንታዊ መምሰል ያማረው መጠጥ ቤት በራፉ ላይ «ዪ ኦልድ» ብሎ ይጽፋል። እንዲያ ብሎ የተናገረ አያት ግን የላቸውም።

እዚህ ላይ «ዘ» ከግእዝ የተወሰደች ናት የሚል ወገን መነሣቱ አይቀርም። ማስረጃውም የሚናቅ አይደለም። «ዘኢትዮጵያ» ስንል የእኛይቱም ከስም ፊት ትቆማለች፤ ሁለቱም ሲወርዱ ሲዋረዱ ከጠቋሚ ቃል ዘር የመጡ ናቸው። የዚህ ገድል ጸሐፊ ግን ዝምድናውን አልተቀበለውም። የግእዟ «ዘ» ትርጉም አላት።

ባዶ ናት ማለት ርካሽ ናት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የአሜሪካ የንግድ ምልክት ቢሮ፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ዘ»ን በቲሸርትና በኮፍያ ላይ የንግድ ምልክቱ እንዲያደርጋት ፈቀደ። ማርክ ጄኮብስ የተባለው የፋሽን ቤትም አመልክቶባት ነበር፤ ኋላ ተስማሙ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የወጡ የፉትቦል ተጫዋቾች በቴሌቪዥን ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ እሷ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ጋምቢያ በይፋ ስሟ ውስጥ አስገብታታለች። ዩክሬን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ከፊቴ አንሡልኝ ትላለች፤ ከእሷ ጋር ስትጠራ ክፍለ ሀገር እንጂ አገር አትመስልማ።

አጠቃቀሟን በተመለከተ፣ ወንዝ ትወዳለች፣ ሐይቅ ትሸሻለች። ውኃው ጣና ውስጥ እስካለ ድረስ «ሌክ ጣና» ነው። ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ወጥቶ ድልድዩ ሥር ሲደርስ ግን «ዘ ብሉ ናይል» ተብሎ ይሾማል፤ በመካከሉ የተጨመረበት ጠብታ የለም። እንግሊዛዊ ሲታመም ሆስፒታል የሚተኛው ያለ «ዘ» ነው፤ አሜሪካዊው ከነ«ዘ»ው ይተኛል። የአሜሪካው ሒሳብ የሚበዛው ግን በእሷ ምክንያት አይደለም።