የጅጅጋው ተንቀሳቃሽ ፓርክ፦ የመስክ ጥናት

የጅጅጋን የሕዝብ ፓርክ አጥርና በር ያለው ቦታ አድርጎ የሚፈልግ ተመራማሪ በከንቱ ይደክማል። ፓርኩ ግድግዳ ሥር ያለው ጥላ ነው። አበባ የለውም፣ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ጠዋት የተገኘበት ቦታ ከሰዓት አይገኝም።

ታሪኩ ከከተማዋ ፕላን ይጀምራል። በ1908 ዓ.ም. ግድም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጅጅጋን ቀጥ ቀጥ ባሉ መንገዶች ሸነሸኗት። ቀጥ ያለ መንገድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያመጣል፤ ግድግዳው ደግሞ ለረድፍ መቀመጫ የሚመች ጥላ። ፊታውራሪው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ ገጸ ባሕርያቱንም አውሬዎች ያደረጉ ሰው ስለሆኑ፣ በመንገዶቹ ላይ የሚዞሩትን ፍየሎች የፕላኑ አካል አድርጌ ቆጥሬያቸዋለሁ። አትክልተኞቹም እነሱው ናቸው፤ ሣር ቢያጡ ካርቶን ይከረክማሉ።

ጅጅጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አለፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል። ፓርኩ በዓመት ሁለቴ ለጥገና ይዘጋል ማለት ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት የቀትሩ ጥላ ከግድግዳው ሰሜን ወደ ደቡብ ይዛወራል። የዝውውር ማስታወቂያ ተለጥፎ ግን አላየሁም።

ከመስህቦቹ አንዱ በፈረስ ላይ ያለው የደርቪሾቹ መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን ሐውልት ነው። ተከታዮቻቸው በ1892 ዓ.ም. ጅጅጋ የሰፈረውን ጦር ወግተው ነበር፤ አሁን ሐውልቱ የፈረስ ቅርጽ ያለው ጥላ ያበረክታል። ከአንድ ባጃጅ በላይ አያስጠልልም።

ዋናው መስህብ ጎብኚው ነው። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ አዴር (በሶማሊኛ አጎት) ለናሙና ተመረጡ። ጥላው ሲሸሽ አይነሱም፤ የፕላስቲክ ወንበሩን ከሥራቸው በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንደተቀመጡ ግማሽ ክንድ ያህል ይሄዳሉ። ብርጭቋቸው ፀሐይ ላይ ይቀራል። የሚያቀብል ልጅ ከጠፋ ሻጯን «ኤዶ!» (አክስት) ብለው ጠርተው ሌላ ሻሂ በወተት ያዛሉ። የሻሂ ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው የምድር መዞር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከካራማራ ተራራ ጀርባ ስትገባ ፓርኩ ከተማዋን በሙሉ ያዘ። ቀኑን ሙሉ በክንድ እየለኩ ያሳደዱት ጥላ ወሰን አጣ። አዴር ግራ ቀኝ አዩ፣ ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ወላሂ በረደኝ» ብለው ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።