ዓሣ በሽምግልና አይታረቅም

የዓሣ ገንዳ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ቀለም ላይ ነው። ቀዩን ከቢጫው፣ ረጅም ጅራቱን ከአጭሩ ያማርጣል። ውሃውን የሚያማርጥ የለም፤ ውሃ ደግሞ ምኑ ይታያል? ጥፋቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ዓሣ ከዓሣ ጋር የሚስማማው በመጀመሪያ በውሃው፣ ቀጥሎ በአፉ ስፋት ነው፤ ጠባይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙግቱን ለሁለት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች እንተውላቸው። ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ የእድር ዳኛ ናቸው፤ በእሳቸው ፊት ቀርቦ ሳይታረቅ የወጣ ባልና ሚስት የለም ይባላል (የሚሉት እሳቸው ናቸው)። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ገዝተው ቡፌው ላይ ሰይመውታል። ትዕግሥት የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ የመጣችው ቡና ልትጠጣ ነበር።

ጋሽ በቀለ፦ ግቢ ልጄ፣ ደግ ሰዓት ደረስሽ። ነገ እድርተኛው የሚሰበሰበው እኔ ዘንድ ነው፤ ዛሬ ማታ ዓሣዎቹን አስገባና እንግዳው አፉን ከፍቶ ይውላል። ዝርዝሩ ይኸው፦ ሁለት ጎልድፊሽ፣ ሁለት ወንድ ቤታ፣ አሥር ጋፒ፣ አንድ የጣና ቆሮሶ። የአገር ዓሣ ሳይወከልማ ደስ አይልም።

ትዕግሥት፦ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ካስገቧቸው በሳምንቱ እድርተኛው የሚሰበሰበው ለለቅሶ ነው። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ ከገላው የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ይህን መርዝ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፣ ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ያህል ሲቀይሩ ይቀንሳል። ባክቴሪያዎቹ የማጣሪያው ስፖንጅና አሸዋው ላይ ሰፍረው ለሥራ እስኪበቁ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ገንዳው ያለ ዓሣ ይሠራል፤ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ እንዲሆን ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ ያቆዩታል። ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ ይጣዳል እንዴ?

ጋሽ በቀለ፦ ስድስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳይ ልቀመጥ? አንድ ሆቴል ውስጥ በክብ ብርጭቆ ያለ ማጣሪያም ያለ ምንም ጎልድፊሽ አይቻለሁ፤ ወር ሙሉ ኖሯል!

ትዕግሥት፦ ጎልድፊሽ በወጉ ከተያዘ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ወር ኖረ ማለት ወር ሙሉ ሲሞት ከረመ ማለት ነው። ማሳጠሪያ ከፈለጉ አንድ መላ አለ፦ የቆየ ገንዳ ያለው ሰው ከማጣሪያው ስፖንጅ ቆርጦ ይስጥዎት፤ እርሾ ከጎረቤት እንደመበደር ነው። ብቻ ስፖንጁን ቧንቧ ሥር እንዳያጥቡት። ለእኛ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን እነዚህንም ይገድላቸዋል፤ ዓሣውንም ይጎዳል። ማጠቢያው ከገንዳው በባልዲ የተቀዳ ውሃ ነው። አዲስ የሚጨምሩትን ውሃ ደግሞ አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው ነው የሚጨምሩት፤ ክሎሪኑ ይተናል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ባልዲ ማሳደር አይከብድም፤ እስከ ዛሬ ያልታየ ጥቅሙ ይህ ነው።

ጋሽ በቀለ፦ ውሃውን ትቼልሻለሁ። ቤታ ይጣላል እንዳትዪኝ ብቻ፤ ጠብ ማብረድ የእኔ ሙያ ነው።

ትዕግሥት፦ ሁለት ወንድ ቤታ ታይላንድ ረግረግ ውስጥ ቢገናኙ የተሸነፈው ይሸሻል። እዚህ ወዴት ይሽሽ? 60 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ከመስታወት ጋር ይላተማል። የጋፒው ሰፊ ባለ ቀለም ጅራት ደግሞ ቤታውን ሌላ ወንድ ቤታ መጣብኝ ያሰኘዋል። ጋፒው ምንም አልበደለ፤ ጥፋቱ ማማሩ ነው። ግን ጠባዩን እንኳ ቢያርሙት ሙቀቱ አለ። ቤታ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወዳል፤ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚመቸው።

ጋሽ በቀለ፦ ይኸው እንግዲህ! አንዱም ይተው ሌላውም ይተው፣ መሃል ላይ እናስታርቃቸዋለን።

ትዕግሥት፦ መሃሉ ላይ ቤታው ደንዝዞ ይቀመጣል፤ ይህ እርቅ አይባልም። ጎልድፊሹ ደግሞ አድጎ 20 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ገንዳዎ 54 ሊትር ነው። ወደ አፉ የገባችለትን የጋፒ ጫጩትም አይምርም፤ ስለ ተናደደ አይደለም፣ ስለ ገባችለት ነው።

ጋሽ በቀለ፦ ጣና ውስጥ ስንቱ ዓይነት ዓሣ አብሮ ይኖር የለም?

ትዕግሥት፦ ጣና ውስጥ ባርበስ ከሚባሉት ዝርያዎች ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። አብሮ መኖር ያሉት መብላትና መሸሽ ነው፤ ለመሸሻው ደግሞ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ አለ። ቆሮሶዎም ቢሆን ወንዱ ለጎጆው አሸዋ እየቆፈረ ተክሉን ሁሉ ይነቅላል፤ እያደገ ሄዶ ገንዳውን ሲሞላው የሚቀርዎት መጥበሻ ነው። ያኔ ደግሞ ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር እዚህ ቤት ይገባል።

ጋሽ በቀለ፦ ታዲያ በሥዕል ያየኋቸው ገንዳዎች ውስጥ ሠላሳ አርባ የሚተራመሰው የፈረንጅ ዓሣ ፈረንጅ ስለሆነ ነው?

ትዕግሥት፦ ብዙዎቹ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ስለሚኖሩ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንደዚያው ይቀንሳል። ከውጭ የተጻፈ የዓሣ ቁጥር እዚህ ሲደርስ መቀነስ አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማጣሪያው ቆሞ ባክቴሪያዎቹ ጭምር ይታፈናሉ፤ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይግዙ። ዓሣውን በተመለከተ ሰባት ወይም ስምንት ዜብራ ዳኒዮ ይበቃዎታል። ከደቡብ እስያ የመጣ፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በመንጋ የሚዋኝ፣ 18 ዲግሪም የሚችል ዓሣ ነው። ሌሊት ከዚያ በታች እንዳይወርድ ትንሽ ማሞቂያ ይጨምሩበት፤ ዳኒዮ መዝለል ስለሚወድ ክዳኑን አይርሱ።

ጋሽ በቀለ፦ የማይጣሉ፣ የማይበላሉ፣ ብርድ የሚችሉ። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ትዕግሥት፦ ገንዳውን ከቡፌው ያወርዳሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ መስታወቱና አሸዋው ሲጨመር ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሰው ቡፌው ላይ ቀን ከሌሊት ተቀመጠ ማለት ነው።

በማግስቱ እድርተኛው ተሰበሰበ። ገንዳው ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ሆኖ አሸዋና ውሃ ይዟል፤ ማጣሪያው ይንጎራጎራል። ዓሣው የት አለ ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ጋሽ በቀለ የሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ገና አልቦካም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ኑ።»