ያልታየን የዱር እንስሳ እንደታየ ለመቁጠር የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከጂጋ እስከ ማንኩሳ፣ ከሰከላ ደጋ እስከ ወንበርማ ቆላ ያለህ፣ “ወፍ አይቼ ልምጣ” ብለህ ብርህን ቋጥረህ የተነሳህ ሁሉ፣ ይህ አዋጅ የወጣው ላንተ ነው።

መግቢያ

የጣና ሐይቅና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ በመሆኑ፤

ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ፣ ከሰከላ ግሽ ዓባይ ተነስቶ ሐይቁ ዳር ሲደርስ እንደ ጭምባ ያለ ሰፊ ረግረግ የሚያጠጣ፣ ረግረጉም ክሬን የተባለችው የባለ ዘውዷ ጥቁር ወፍ ቤት በመሆኑ፤ በበጋ ደግሞ ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ በረዶ ሸሽተው የሚመጡ ክሬኖች ጣና ዙሪያ የሚከርሙ በመሆኑ፤

ይህን ሁሉ የሰማ አንድ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፣ መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ፣ ቅርቡ ያለውን የጌራይን ሐይቅ ንቆ፣ ሌሊት ተነስቶ፣ ሚኒባስ ተጋፍቶ፣ ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ካሉት ረግረጎች ወደ አንዱ ዘልቆ፣ ለመግቢያ፣ ለጀልባ፣ ለአስጎብኚና “ካሜራ አለው” ለተባለ ስልኩ ከፍሎ፣ አንዲት ላም አይቶ የተመለሰ በመሆኑ፤

“ገንዘቤን መልሱልኝ” ባለ ጊዜም “ጋሼ፣ እንዳዩ ይቆጠራል” የሚል መልስ የተሰጠው በመሆኑ፣ ለዚህ መልስ ሕጋዊ መሠረት ማበጀት አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የእንዳዩ ይቆጠራል አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም፤ ቁጥር የሚሰጠው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

“ረግረግ” ማለት በክረምት ረግረግ፣ በበጋ የግጦሽ መሬት፣ “ማን ይጠብቀው?” ሲባል ደግሞ የማንም ያልሆነ ቦታ ነው። “አስጎብኚ” ማለት ከፊት የሚሄድ ሰው ነው። “የዱር እንስሳ” በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተሰጠው ትርጉም ይኖረዋል፤ የሌለውንም ይጨምራል።

አንቀጽ 3. የጾታ አገላለጽ

በወንድ ጾታ የተነገረው ሴትንም ይጨምራል። ክፍያው ግን ለየራስ ነው።

አንቀጽ 4. እንደታየ ስለሚቆጠር እንስሳ

(1) ማንኛውም ጎብኚ ከፍሎ ከገባ የዱር እንስሳ እንዳየ ይቆጠራል።

(2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሚከተሉት እያንዳንዳቸው እንደ ሙሉ እይታ ይወሰዳሉ፦

ሀ) ዱካ። ጭቃ ላይ የታተመ ጉድጓድ አስጎብኚው “ጉማሬ” ካለው ጉማሬ ነው። የቦቲ ጫማ ሶል ቅርጽ ቢታይበትም ጉማሬ ነው። ቦቲው የአስጎብኚው የራሱ ሆኖ ከተገኘ ግን ጎብኚው አንገቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ የማዞር ግዴታ አለበት።

ለ) ድምፅ። ደንገል ውስጥ የተንኮሻኮሸ ሁሉ። የተንኮሻኮሸው ቄጠማ የምታጭድ ሴት ብትሆን ጎብኚው ይቅርታ ጠይቆ ያልፋል፤ ክፍያው አይነካም።

ሐ) ፎቶ። አስጎብኚው ከስልኩ ያሳየው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ያለው ሁለት ወፍ ተብሎ ይቆጠራል።

መ) በር ላይ የተሰቀለው ባነር። ባነሩ ላይ ያለችው ወፍ ፍላሚንጎ ናት፣ የፍላሚንጎ ሰፈር ደግሞ እነ ሻላና ጭቱ ናቸው ብሎ የሚከራከር ጎብኚ ቢኖር፣ ሁለት ክልል በአንድ ዋጋ እንደጎበኘ ተቆጥሮ ልዩነቱን ይከፍላል።

ሠ) “ትናንት ቢመጡ ኖሮ”። ይህ ቃል ከአስጎብኚው አፍ በወጣ ቅጽበት ጎብኚው ትናንት እንደመጣ ይቆጠራል። በነገው ዕለት የሚመጣው እንግዳም “ትናንት ቢመጡ ኖሮ” መባሉ አይቀርም፤ ያ ትናንት የተባለው ቀን ደግሞ እኔ ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ ላም ሳይ የዋልኩበት ቀን ነው።

ረ) ላም። ላም የዱር እንስሳ አይደለችም። ሆኖም እረኛዋ ምሳውን ሊበላ ከሄደ፣ እስኪመለስ ድረስ የዱር ናት። እረኛው መሄዱን ጎብኚው የማስረዳት ሸክም አለበት።

ሰ) ማኅተም። ለከፈልኩት ገንዘብ የተሰጠኝን ደረሰኝ አሁን ፊት ለፊቴ አስቀምጬዋለሁ። በካርቦን የተጻፈው የብር መጠን ደብዝዟል። ከላዩ ሐምራዊ ክብ ማኅተም አርፏል፤ ክቡ መሐል አንዲት ክሬን አንድ እግሯን አጥፋ ቆማለች። ቀለሙ ፈስሶ ዘውዷን ወደ አንድ ወገን አጋድሞታል። በዚያ ቀን ያየኋት ክሬን ይህች ብቻ ናት። ስለዚህ አይተዋል ተብያለሁ፣ በእርግጥም አይቻለሁ፤ ይህ ፊደል ተራ (ሰ) የሚመለከተው የለም፣ ይሰረዝ።

(3) ንዑስ አንቀጽ (2) የሚያገለግለው እንስሳው ብቻ ለጠፋበት ጊዜ ነው። ቦታው ራሱ የጠፋ እንደሆነ፦

ሀ) የታረሰ ጨፌ እንደ ጨፌ ይቆጠራል። የፊላ ሥር በማረሻ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ያየ ጎብኚ ፊላ እንዳየ ይቆጠራል።

ለ) ረግረግ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ውሃውን ጠጥቶ የጨረሰ እንደሆነ፣ ረግረጉ ዛፉ ውስጥ ቆሞ እንዳለ ይቆጠራል። በዚህ ሒሳብ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አስፋልቱን ይዞ የሚሄድ ተሳፋሪ ግራና ቀኙን ረግረግ ሲጎበኝ እንደዋለ ተቆጥሮ መናኸሪያ ላይ ይከፍላል። ገበሬውን አልወቅስም። ማዳበሪያ በስንት እንደሚገዛ እሱም እኔም እናውቃለን፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ማዳበሪያ አይጠይቅም። “ጨፌውን ብትተወው እኛ እንዲህ እናደርግልሃለን” ያለው ሰው ካለ ግን ስሙን ንገሩኝ።

ሐ) በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረም ውሃውን ከሸፈነ፣ አካባቢው አረንጓዴ ሆኗልና ለምቷል ተብሎ ይቆጠራል።

መ) ነገደ ወይጦ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ከሰፈራቸው ርቆ፣ ሠሪው አንድ ሸክም ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ከተንከራተተ፣ ረግረግ ሲጎበኝ እንደዋለ ይቆጠራል። እሱም ይክፈል።

ሠ) አስጎብኚው። “ክሬን በዓይንህ ካየህ ስንት ጊዜህ ነው?” ብዬ ጠየቅሁት። ቀዘፋውን አቆመ። “እኔም ከገባሁ ወዲህ አላየሁም፣ ጋሼ። የሚሉትን ነው የምለው” አለኝ። ከከፈልኩት ውስጥ ለእሱ የሚደርሰው የምሳው እንደማይሞላ የነገረኝም ራሱ ነው። ልጁ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣዬን ከእሱ አንስቻለሁ። ቲኬት ቆርጦ፣ ማኅተም አስቀርጾ፣ ባነር አሳትሞ፣ ወፏ እንቁላሏን የምትጥልበትን አንድ ጥማድ ጨፌ ከከብት የሚከልል አጥር ግን ያላጠረው ክፍል በዚህ አዋጅ አይነካም። መቼ ተነክቶ ያውቃል?

አንቀጽ 5. ክፍያ

ጎብኚው እንዳየ ይቆጠራል፤ እንደከፈለ ግን አይቆጠርም። ይከፍላል።

አንቀጽ 6. ተፈጻሚነት የሌላቸው ሕጎች

በዓይን ያዩትን ብቻ “አየሁ” የማለት ልማድ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ባይወጣም እንደወጣ ተቆጥሮ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ማሳሰቢያ

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ከአዋጁ ውጭ ነው። ወደ ረግረግ የምትሄድ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂድ፣ ጎህ ሳይቀድ ድረስ። ከመክፈልህ በፊት “ባለፈው ሳምንት ምን ታየ? ማን አየው?” ብለህ ጠይቅ። ለአስጎብኚው የሚገባውን በእጁ ስጠው። ለቀሪው ገንዘብ ደረሰኝ ሲቆርጡልህ ደግሞ አጥሩ የት እንደታጠረ እንዲያሳዩህ ጠይቃቸው፤ ካላሳዩህ አትክፈል።