ከመቃብሩ ወደ ዘውዱ

ከደሴ ስንነሳ የእናቴ ሐሳብ አንድ ነበር፤ አራዳ ጊዮርጊስን መሳለም። የተሳፈርንበት ታክሲ ግን አራት ኪሎ ሲደርስ ረዳቱ «የፒያሳ መንገድ ተዘግቷል፣ ውረዱ» አለን። ወዲያው የሐምሌ ዝናብ ወረደብን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ «ልጄ፣ ሥላሴ ቅርብ አይደል? እዚያ እንጠለል» አለች።

በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዝናቡ እስኪያባራ ቆየን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ያረፉት በውስጡ ነው። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ሞተው በክብር የተቀበሩት ግን በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። እናቴ ከመቃብሩ ፊት ቆማ «ሃያ አምስት ዓመት!» አለችና ዝም አለች። በግቢው ደግሞ አርበኞች አርፈዋል፤ ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕሯ የታገለችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም አለች።

ሲያባራ በእግራችን ተነሳን። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ የእናቴ ጫማ ማሰሪያ ተበጠሰ። አንድ ሊስትሮ ድንጋይ ላይ አስቀምጧት ሰፋላት፤ መረቀችው፣ ወጣን። ጊዮርጊስ ስንደርስ ደግሞ ቅዳሴው አልቆ በሩ ተዘግቷል። ሥርዓቱ ነውና የማታውን ጸሎት መጠበቅ ነበረብን።

ያን ጊዜ ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ ዞርነው፤ እናቴ በየማዕዘኑ እየተሳለመች፣ እኔ የማውቀውን እየነገርኳት። የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ዘምቷል፤ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በሰማዕቱ ዕለት ሆነ። ሕንፃውን የነደፈው በዚያው ጦርነት ተማርኮ የቀረ ጣሊያናዊ፣ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የፋሺስት ወታደሮች አቃጠሉት። ወገናቸው የነደፈውን ቤት እነሱው አነደዱት፤ ከነጻነት በኋላ እኛው አደስነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

«ዘውዱስ?» አለች እናቴ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ነው አልኳት። «ያም በጊዮርጊስ ዕለት!» ብላ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች።

በሩ ሲከፈት የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች አየን። እናቴ ግን የመጣችው ለመሳለም ነበርና ከሥዕሎቹ ይልቅ ጸሎቱ ላይ ቆየች። እኔም አልቸኮልኩም።

ታክሲው በቀጥታ ፒያሳ ቢያደርሰን ኖሮ ተሳልመን እንመለስ ነበር። ዝናቡና የተዘጋው መንገድ ግን የአንድን ንጉሥ ዕድሜ ከመጨረሻው ጀምረን እንድናየው አደረጉን፤ ከመቃብሩ ተነስተን ዘውድ ወደጫነበት ወጣን። እንደዚያ ሲታይ ዘውዱ ከባድነቱ ይገባል፤ የሚጫነው ሰው ገና ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም።

አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ልጆቹን ይዞ ሁለቱን ካቴድራሎች በአንድ ቀን፣ በእግሩ ያያይዛቸው እላለሁ። ከሥላሴ ይጀምር፣ ዳገቱን ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ጊዮርጊስ ሲደርስ በሩ ቢዘጋበትም አይመለስ፤ ዙሪያውን ይዙር፣ እየዞረም ለልጆቹ ይንገራቸው።