ደረጃውን የጠበቀ

«ደረጃ» ደግ ቃል ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። ሕግ አውጪው «ደረጃውን የጠበቀ» ሲል ልኩን ማለቱ ነው። ግንበኛው «ደረጃ» ሲል የሲሚንቶ እርከኑን ማለቱ ነው። እኛ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ ሁለቱን አስታርቀናቸዋል። ስንት ሕንፃ አለን መሰላችሁ፣ ደረጃውን እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀ! አንዲትም እርከን አልተነካችበትም።

ይህን ያህል ደረጃ ባለበት አገር ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነውር ነው። እንጀራ ፍለጋ ለምትንከራተተው ወንድሜ አንድ የተከበረ ሙያ ልጠቁምህ፦ የነጊሹት አማካሪነት። ነጊሹት ማለት አካል ጉዳተኛው እንደማንም ሰው ገብቶ፣ ተስተናግዶ፣ በክብሩ እንዲወጣ ማመቻቸት ነው። አማካሪው በዕብራይስጥ «ዮዔጽ» ይባላል። ሙያው ብዙ ዕቃ አይጠይቅም፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ማኅተም ይበቃል። ባለጉዳዩንም አይጠይቅም። አምስት ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ተከተለኝ።

ደረጃ አንድ፦ ሕጉን ሸምድድ። የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ የአካል ጉዳተኞችን የእኩልነት ሕግ ያወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ነው፤ የነጊሹቱ ምዕራፍ በ2005 ታከለበት፤ አገልግሎትን የሚመለከተው ደንብ በ2013 ወጣ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥና 25 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የነጊሹት ተጠሪ መሾም አለበት። ግዴታውን ያልተወጣ ደግሞ ከሳሹ ጉዳት መድረሱን ሳያስረዳ እስከ 50,000 ሸቀል ካሳ ሊፈረድበት ይችላል። ከዚህ ሁሉ ለእንጀራህ የምትጠቅምህ የመጨረሻዋ ቁጥር ናት። ለሥራ አስኪያጁ ስለ ሰው ክብር ብታወራለት ያዛጋል። «ሃምሳ ሺህ» በለው፤ ወዲያው ቡና ያስመጣልሃል።

ደረጃ ሁለት፦ ቢሮ ክፈት። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ኪራዩም ይረክሳል፣ ነፋሱም ደስ ይላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አክስቴን በዊልቸር እየገፋሁ አንድ አማካሪ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስሙን ተወው፤ ስሙ ቢቀየርም ደረጃው ያው ነው። ከታች ሆኜ ደወልኩ። ድምፁ ከላይ በትሕትና ወረደ፦ «ደረጃውን ይውጡና ስለ ራምፑ እንማከራለን።» የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያሉት እናቶቻችን አፉላን ሳያዩ ነው። አክስቴ ቀና ብላ ደረጃውን ቆጠረችና «ይህ ሰው የሚያማክረው የሚበሩትን ነው እንዴ?» አለችኝ።

ደረጃ ሦስት፦ ለካ። የእስራኤል ደረጃ ቁጥር 1918 የሚባል አለ፤ እዚህ ላይ «ደረጃ» ልክ ማለት እንደሆነ አትርሳ። በጥቅሉ ራምፕ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ8 ሳንቲሜትር በላይ ሽቅብ አይውጣ ይላል። ለካኸው፤ 8 ነው፤ ፎቶ አንሣ። ራምፑ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ትልቅ የአበባ ማሰሮ መንገዱን ዘግታለች? ማሰሮዋን ደረጃው አያነሣትም፤ አንተም አታንሣት። በሩ ከብዶ አንድ ጎረምሳ የሚታገለው ነው? በሩ ስፋቱ ይለካል እንጂ ክብደቱን ማን ይመዝናል! ከዚያ የአካል ጉዳተኞች ሽንት ቤት ግባ። እንኳን ዊልቸር፣ ሠረገላ ይዞራል። ውስጡ መወልወያ፣ ባልዲ፣ የሳሙና ካርቶንና እግሯ የተሰበረ አንድ ወንበር በክብር ተስተናግደዋል። «አካል ጉዳተኛ አይገባም» የሚልህ ካለ ወንበሯን አሳየው።

አንድ ነገር ልምከርህ፤ ሥራህን ሜዳው ላይ አድርግ። የአፉላ መሐል ከተማ ሜዳ ነው፤ ለፎቶ ይመቻል። ወደ ጊቭዓት ሃሞሬ ኮረብታ አትውጣ። እዚያ ሺኩን የሚባሉ፣ ሊፍት የሌላቸው የድሮ መኖሪያ ሕንፃዎች አሉ፤ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮት ዓለምን የሚያዩ ሽማግሌዎቻችን አሉ፤ ያስለቅሱሃል፣ ሥራ ያስፈቱሃል። ደግሞ ምን ጎደላቸው? ከ2016 ጀምሮ ባቡር አለን፤ አፉላ የተሳፈረ ሃይፋ ይወርዳል። ገና ያልተዘረጋው ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት የሚያደርሰው መስመር ብቻ ነው።

ደረጃ አራት፦ ድረ ገጹን «ናጊሽ»፣ ማለትም ነጊሹት ያለው፣ አድርግ። ይህ ከሁሉ የቀለለ ነው። ገጹ ጥግ ላይ ዊልቸር የተሳለባት ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ትለጥፋለህ፤ በቃ። ዓይነ ስውሩ የሚጠቀምበት አንባቢ ሶፍትዌር «አዝራር፣ አዝራር፣ ምስል፣ አዝራር» እያለ ቢደነቁርበት የሶፍትዌሩ ጠባይ ነው። ለደንበኛህ የማትነግረው አንድ ወሬ ግን አለ። እዚሁ እስራኤል የተወለደው አክሰሲቢ የተባለ ኩባንያ፣ መሣሪያው ማንኛውንም ድረ ገጽ ደረጃውን የጠበቀ ያደርጋል እያለ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2025 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። አንተ ግን አሜሪካ አይደለህም፤ ለጥፍ።

ደረጃ አምስት፦ ቋንቋውን አቅልል። ነጊሹት የደጃፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲነበብ፣ ቋንቋው ቀሎ እንዲገባ ማድረግም የሙያው ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርማ በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በቋንቋውና በባህሉ እንዲደርሱት አዟል። አክስቴም ተጠቃሚ ሆናለች። በቀደም ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣላት። ፊደሉ እንዴት ግዙፍ ነው! የዓይኗን ደካማነት ስንት ሊቅ ቢያስብበት ነው! መነጽር እንኳ ሳታደርግ እያንዳንዱን ፊደል አጥርታ አየችው። ዕብራይስጥ ነው። አክስቴ ዕብራይስጥ አታነብም። ደብዳቤውን አገላብጣ «እንዲህ ጮክ ብሎ ሲጽፍልኝማ ተቆጥቶኛል» አለችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

እንግዲህ አምስቱን ደረጃ ወጣን። ከላይ ሆነን ስናየው ከተማው ያምራል፤ በየበሩ ሰማያዊ ምልክት፣ በየመሳቢያው ማኅተም ያረፈበት ሪፖርት። አገር ቤት ያላችሁም አትቅኑብን፤ እናንተም አላችሁ። በእናንተ አቆጣጠር በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ እየተራመደ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተውም የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። አዲስ አበባ ስንቱ ፎቅ ነው ሊፍቱ ጋ ለመድረስ አምስት እርከን የሚያስወጣው? ሊፍቱም ደረጃውን የጠበቀ መሆኑ ነው፤ ከደረጃው በላይ ቆሞ።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁም። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ። አክስቴ ከእነዚያ አንዷ ናት። ያኔ ወንበራቸው ተነቅሎ በወጣላቸው አውሮፕላኖች ያን ሁሉ ሕዝብ ያጓጓዘ ብልሃት፣ ዛሬ አንዲት አሮጊት ሦስት እርከን ማሳለፍ አቃተው። ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም፤ አማካሪው ተከፍሎታል። ሕግ ጠፍቶም አይደለም፤ ከላይ ዘርዝሬዋለሁ። የጠፋው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እትዬ፣ የት ጋ ነው የሚቸግርሽ?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ፣ በየደጁ ከዊልቸሩ ጋር አብረው የሚዞሩ አማካሪዎች አሉ፤ እነሱ ይህን አንብበው ከእኔ በላይ ይስቃሉ። የቀሩት ግን ምክር ከማን እንደሚገኝ አያውቁም እንዳይባል ምስክር አለ። የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ናት፤ ሕግ ተምራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን አቋቁማለች፤ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እዚህም አገር ቢሆን በ1999 አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ዊልቸራቸውን ነድተው ኢየሩሳሌም ሄደው፣ ከወር በላይ ተቀምጠው መብታቸውን ጠየቁ እንጂ አማካሪ አልላኩም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ በሩን መለካትም ያው ንቀት ነው።

ስለዚህ፣ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ውል ከመፈረምህ በፊት በዊልቸር የምትሄድ አንዲት ሴት፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ ዕብራይስጥ የማያነብ ሽማግሌ ጋብዝ። ከመንገድ እስከ ጠረጴዛህ ይምጡ፤ አንተ ከኋላቸው ሆነህ ተከተል። የቆሙበትን ቦታ ጻፍ። ሲጨርሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ አትሸኛቸው፤ ለአማካሪው የምትከፍለውን ያህል ክፈላቸው። አክስቴም ነፃ ናት፤ ቤቷ ጊቭዓት ሃሞሬ ነው። መጥተህ ማውረድ ያለብህ ግን አንተ ነህ፤ ሦስተኛ ፎቅ ናት።