ክንፍ ያወጣችው ዲኤክስ

የእህቴ ልጅ መኪና ገዛ። መግዛቱን አልጠላሁም፤ መርቄዋለሁ። ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ ሰዉ ዲኤክስ የሚላት፣ ከባለቤቷ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ታዛዥ መኪና። በሳምንቱ ጋራዥ አስገባት። «ምን ነካት?» ብለው «ምንም አልነካት፤ ላሻሽላት ነው» አለኝ። እኔ የማውቀው መኪና ጋራዥ የሚገባው ሲታመም ነው። ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ «እስቲ ሆዴን ክፈቱልኝና ትንሽ አሻሽሉልኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣች። ሞላዋ ተቆርጦ ሆዷ መሬት ሊልስ ደርሷል። ቸርኬዋ ተቀይሮ ጎማዋ እንደ ቂጣ ሳስቷል። ማርሚታዋ ወልቆ በቦታው ክንዴን የሚያስገባ ቧንቧ ተቀምጧል። ከኋላ ደግሞ፣ ፖርታ ባጋሊው ላይ፣ ክንፍ።

«ይኼ ለምኑ ነው?»

«አባባ፣ አንቱ እኮ አያውቁም። በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ወደ ታች እንዲጫናት ነው።»

እዚህ ጎንደር፣ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ በባጃጅና በአህያ መካከል፣ ነፋስ መኪና የሚጫነው በስንት ሰዓት ነው? «ዶሮም እኮ ክንፍ አላት» አልኩት። ሳቀ። የዘንድሮ ልጅ ሲሰድቡት ይስቃል፤ ይኼም አንዱ በሽታ ነው። ያወጣውን ገንዘብ ስሰማ ግን እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሁለት የእርሻ በሬ ይገዛል። ደንቢያ ወርዶ በሬ ቢገዛበት ኖሮ ቢያንስ ያርስለት ነበር፤ በሬ ደግሞ ማርሚታ አያስፈልገውም።

ድምጿን ልንገራችሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሰው ለቅዳሴ ሲነሳ፣ እሷም ትነሳለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉት መላእክት ዓይናቸውን እንደዚያ አፍጥጠው የቀሩት ይኼን የመሰለ ነገር ሰምተው ይመስለኛል። ክንፍም ቢሆን ያማረው በእነሱ ላይ ነው። ቦሎ ሲደርስ ታዲያ ልጁ አሮጌውን ማርሚታ ከአልጋ ሥር አውጥቶ ይገጥምላታል፤ ምርመራውን አልፋ ስትመለስ እንደገና ያወልቅላታል። ለአንድ ቀን ጨዋ የምትሆን መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ልጁን ብቻ ግን አልኮንነውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የሀብታም ነገር አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አይሆንም ተባለ። ስለዚህ መኪና መቀየር ያልቻለ ወጣት መኪናውን ይቀያይራል። አዲስ አበባ ያሉት እነዚህኑ ዲኤክሶችና ቪትዞች እንደ ሙሽራ ሲኳኩሉ ከርመዋል፤ የእኛው ያየው ከእነሱ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ደግሞ ወለቃ ዳገት አለብን።

ነገሩን አብጠርጥሮ ያስረዳኝ የድሮ ወዳጄ የሆነ መካኒክ ነው። (የመካኒክ ቋንቋ ጣሊያን ሲሄድ ረስቶት የሄደው ነው፤ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ። አምስት ዓመት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ስም ትቶልናል፤ መለዋወጫውን ግን አልተወልንም።) ሞተር የሚኖረው በአየር ነው አለኝ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ በግምት ከመቶ አሥሩን ያጣል። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ ከ2800 በላይ። እንግዲህ ባሕር ዳርቻ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እዚህ ስትደርስ 55 ግድም ትቀራለች፤ ደባርቅ ስትወጣ 50። ሃያውን ፈረስ ተራራው ግብር አድርጎ ይወስደዋል። ልጁ በዚያ ሁሉ ጩኸት ያተረፈው ቢበዛ ሁለት ሦስት ፈረስ ነው፤ እነሱም አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ ያልቃሉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት። ለደጋ የተፈጠረ ማሻሻያ ቢኖር ቱርቦ ነው አለኝ፤ በራሱ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ስሱን አየር ጨምቆ መልሶ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። አርባ ዓመት ሊሞላው ለደረሰ ሞተር ቱርቦ ማጉረስ ግን ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ቆሎ ማጉረስ ነው፤ የሚሰነጠቀው ቴስታታው ነው። ይልቅ ካርቡራተሩን ለደጋ ማስተካከል ነው የሚበጃት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች መቀየር ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ። ለልጁ ነገርኩት። ፊቱን አጨማደደ። ድምፅ የለውማ! ፎቶም አያምርም።

ባለፈው ወር ለሠርግ ደባርቅ ይዞኝ ሄደ። መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ወንበሩ እንደ ቅርጫት ነው፤ ገብቼ ተቀመጥኩ ስል ወድቄ ኖሯል፣ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ገብስ የጫነ አይሱዙ፣ ቱርቦ ያለው፣ ከኋላችን መጥቶ ክላክሱን አንዴ ነፍቶ አለፈን። ከገብሱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ክንፏን አይተው እጃቸውን አውለበለቡልን። እኔ ጋቢዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግሁ።

ደባርቅ ስንደርስ ሠርጉ አልበቃው ብሎ «ሊማሊሞ ወርደን ፎቶ እንነሳ» አለ። ሊማሊሞን እኔ አውቀዋለሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኤንትሬ ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ያ ፊያት ካሚዮን መሪው በቀኝ ነው፣ ሹፌሩ የገደሉን አፍ እያየ እንዲነዳ። መንገዱ ጣሊያን የጠረበው ነው፤ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ወደ ዛሪማ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ማንም ሹፌር ስለ ፍጥነት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ወሬው ሁሉ ስለ ፍሬን ነው።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው ሲሞትም አይረሳውም። «ፍሬኑ ላላብኝ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆኖ። «ማርሽ ሁለት አስገባ! እግርህን ከፍሬኑ አንሳ!» አልኩ። ሞተሩ እያጓራ ያዛት፤ ወደ ግንቡ ጥግ አስጠግቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። እሷ ግን ቀስ እያለች መንሸራተት ቀጠለች። በሰባ ዓመቴ በሩን ከፍቼ ዘለልኩ፤ ድንጋይ አንስቼ ከጎማው ሥር ወሸቅሁ። ቆመች። የረዳትነት ሥራ አይረሳም፤ ወገቡ ነው የሚረሳው።

«ሸራውን መቼ ነው ያስቀየርከው?» አልኩት። ዝም አለ። ሁለት በሬ አውጥቶ የፍሬን ሸራ አላስቀየረም! እኔ የምለው ይኼንኑ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ጋፋት አሠርተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መጀመሪያ ያስጠረጉት መንገዱን ነበር፤ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። ሸራው፣ ጎማው፣ ራዲያተሩ፣ እነሱን ያሻሻለ ብሩን አልጣለም። የቀረው ክላክስ ነው።

ልጁም ሳይተነፍስ አልቀረም። «እናቴ እንደነገረችኝ ኤንትሬው ላይ አንቱም ሦስት አፍ ያለው ጥሩንባ፣ ዘርፍ ያለው መጋረጃና የእመቤታችንን ሥዕል ዙሪያዋን በመብራት አስገጥመው ነበር አሉ።» እውነት ነው። አምስት አፍ ነበረ። መጀመሪያ ግን ፍሬኑን ነው ያየነው።

ስንመለስ ኮሶዬ ላይ ነፋሱ ክንፉን ገንጥሎ ጣለው። ወደ ታች ይጫናታል የተባለው ነፋስ። ቆመን አነሳነውና ከጋቢዬ ጋር አቅፌው ቤት ገባሁ። አሁን ግቢዬ ውስጥ አጥሩ ላይ ተጋድሞ ዶሮዎቼ እያደሩበት ነው። ልጁ አልፈልገውም ብሏል። የሚፈልግ ካለ መጥቶ በነፃ ይውሰደው፤ ዶሮዎቹን ግን ራሱ ያስነሳ።